ቀኑን የረሳው ላፕቶፕ

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላሉ አበው። እኛም ዛሬ ከሥሩ የምንጀምርላችሁ የጋራችን የሆነውን አሮጌ ላፕቶፕ ነገር ነው። ዋና ባትሪው ካለቀ ዓመታት ስላለፉት ያለ ቻርጀር አይሠራም። ክረምቱን መደርደሪያ ላይ ከርሞ መስከረም ላይ ስንከፍተው "ጃንዋሪ 1፣ 2009" አለን፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 መሆኑ ነው። ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ለኛ ብርቅ ባይሆንም የሱስ በዛ! ቀጥሎ ዊንዶውስ ሊነሣ ይልና ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይጠፋል።

የወሰድንበት ጥገና ቤት መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ "ፎርማት!" ውስጡ ግን ተማሪ ሳለን ለመመረቂያ ጽሑፍ የቀዳናቸው ቃለ መጠይቆች አሉ። ካነጋገርናቸው አንደኛው አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ቅጂ አላችሁ? እንዳትሉን። ጋዜጠኝነት ተምረን ቅጂ አልነበረንም! ላፕቶፑን አቅፈን ተመለስንና ማንበብ ጀመርን።

አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን ፒሲ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ሲያወጣ፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ሰዓት የሚቆጥርለት አልነበረም። ዶስ በተነሣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ከባለቤቱ ይጠይቅ ነበር። ማሽኑ ምን ምን እንደተገጠመለት የሚነገረውም ማዘርቦርዱ ላይ ባሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። በ1984 የወጣው ፒሲ ኤ.ቲ. ይህን ጣጣ አስቀረ። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋም በባትሪ የምትቆይ አንዲት ቺፕ ይዞ መጣ። የቺፗ ማስታወሻ በሙሉ 64 ባይት ነው፤ 14ቱ ለሰዓቱ ሥራ፣ 50ው ለቀረው። በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ ፊደላችን ብዙ ጊዜ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ከ21 ፊደል በላይ አትይዝም!

ከዚያ በኋላ የመጡት ማሽኖችም ለብዙ ዓመታት በዚሁ መንገድ ሄዱ። ባዮስ መጀመሪያ ዕቃውን ይፈትሻል፣ ማስታወሻውን ያያል፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ ያልፋል። እንደኛው ባለ አሮጌ ማሽን ውስጥ ሳንቲም የምታክለው ባትሪ ስትሞት ታዲያ ቀኑ ብቻ አይጠፋም፤ ዲስኩ በምን ስልት እንደሚነበብ የተያዘው ምርጫም ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረው ሊመለስ ይችላል። በአንዱ ስልት የተጫነ ዊንዶውስ በሌላው ሲቀሰቀስ ሰማያዊውን ገጽ ያመጣል።

እየፈራን ባዮስ ውስጥ ገባን። የሃርድ ዲስኩ ስም ተጽፏል፤ እፎይ! ትንሿን ባትሪ ቀየርን፣ ቀኑን ሞላን፣ "አይ.ዲ.ኢ." የሚለውን ወደ ቀድሞው "ኤ.ኤች.ሲ.አይ." መለስን። ተነሣ። የአባታችን ድምፅም ከነሳላቸው አለ።

ፎርማት የሚያጠፋው ዲስክ ላይ ያለውን ነው። የኛ ላፕቶፕ የረሳው ግን ዲስኩ ላይ ያልነበረውን ነው። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ማሽናችሁ ቀኑ ከጠፋበት ከመፍረድ በፊት የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ እዩ። ቃለ መጠይቁን በተመለከተ፣ አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጧል።