ፍሬን የበላው ጉልበት

ከሙጃ ወደ ቆላ የሚወርድ የጭነት መኪና ከሩቅ የሚታወቀው በፍሬኑ ሽታ ነው። ነዳጅ እየጠጣ ዳገት ያወጣው ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ ሙቀት ሆኖ በነፋስ ይወሰዳል። እኔንም ስለ እሽቅድምድም መኪና እንዳነብ ያደረገኝ ይኸው ብክነት ነው።

ፎርሙላ ዋን ይህን ጉልበት መልሶ መጠቀምን የፈቀደው በ2001 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ዲናሞ ያዞራል፤ ባትሪ ይሞላል። ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን 80 ያህል የፈረስ ጉልበት ይጨመርለታል፤ ያውም በአንድ ዙር ከ7 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ! ለዚህች ቅጽበት ሲባል ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መዞር ግድ ነበር። ዋና ተሟጋቹ ቢኤምደብሊው በዚያው የውድድር ዘመን መሣሪያውን አውልቆ ተወው። ዋንጫውን የወሰደው ብራውን ደግሞ ጭራሽ አልገጠመውም። ሉዊስ ሃሚልተን ግን ሐምሌ 19 ቀን ሃንጋሪ ላይ በማክላረን አሸነፈ፤ የሃይብሪድ መኪና የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ድል ይኸው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሃይብሪድ ሞተር ለሁሉም ግዴታ ሆነ።

እሽቅድምድሙ ቀድሞ ፈለሰፈው እንዳይባል፣ ቶዮታ ፕሪየስን በ1990 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለተራ ገዢ ሸጧል።

እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከእንጦጦ ሲወርዱ ባትሪያቸውን የሚሞሉ መኪኖች በዝተዋል። በእኔ ግምት ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ ከባድ ጭነት ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ የሞላ ባትሪ ሌላ አይቀበልም። ሙጃ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የተነሣ ሹፌር ቁልቁለቱን የሚወርደው ያንኑ የጥንቱን ፍሬን እያሸተተ ነው።