ላፕቶፑን የመረጠው ማን ነው?

«በእርስዎ ምርጫ የሚሠራ የጌም ላፕቶፕ» የሚል ማስታወቂያ ዛሬ በብዙ ሻጮች ድረ ገጽ ላይ ይታያል። ገዢው ፕሮሰሰሩን፣ ግራፊክሱን፣ ራሙንና ማከማቻውን አንድ በአንድ ይጠቁማል፤ ዋጋው ከጎን እየጨመረ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የራሱን ማሽን ያሠራ ይመስለዋል። ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት እሱ የመረጠው ስንቱን ነው? ገጹን ከመክፈቱ በፊት ተወስኖ ያለቀውስ ስንቱ ነው? መልሱ የአርባ ዓመት ታሪክ አለው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በኦገስት 1981 ነው። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ያወጣው በጥድፊያ ነበር። ሥራው በአንድ ዓመት ገደማ ማለቅ ስለነበረበት ሁሉን ነገር በራሱ ፋብሪካ ለመሥራት ጊዜ አልነበረውም። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ሌሎች ኩባንያዎች ተጨማሪ ካርድ እየሠሩ እንዲሰኩበት የማሽኑን አሠራር የሚያብራራ ሰነድም አሳትሞ ሸጠ። ለአይቢኤም ይህ የጥድፊያ ውሳኔ ነበር፤ ለተጠቃሚው ግን የመምረጥ መብት ሆነለት።

በሩ ከተከፈተ በኋላ መዝጋት አልተቻለም። በ1982 ሂዩስተን ውስጥ የተመሠረተው ኮምፓክ፣ ባዮስ የሚባለውን የአይቢኤም ቁልፍ ሶፍትዌር ሳይገለብጥ በራሱ ባለሙያዎች ከባዶ አጻፈ። ከዚያም ለአይቢኤም የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን የሚያሄድ «ተንቀሳቃሽ» ኮምፒውተር አወጣ። ክብደቱ ወደ 13 ኪሎ ይጠጋ ነበር፤ ባትሪም አልነበረውም። ተንቀሳቃሽ የተባለው እጀታ ስላለው ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አስመሰከረ፦ መለኪያው የጋራ ከሆነ ዕቃው የአንድ ኩባንያ ርስት አይሆንም።

በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድ መለኪያ አወጣ። የቦርዱ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የኃይል ማገናኛው ሁሉ በቁጥር ተወሰነ። ዛሬ አንድ ወጣት ሳጥኑን ከአንድ ኩባንያ፣ ቦርዱን ከሌላ፣ ግራፊክስ ካርዱን ከሦስተኛ ገዝቶ እቤቱ ቁጭ ብሎ ዴስክቶፕ መገጣጠም የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ኩባንያዎቹ ደግ ስለሆኑ አይደለም። መለኪያው ከሁሉም በላይ ስለሆነ ነው።

ላፕቶፕ ግን ኤቲኤክስ ኖሮት አያውቅም። እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ቅርጽ ያለው ማዘርቦርድ አለው። ሙቀት የሚያስወጡት የመዳብ ቱቦዎች የሚታጠፉት ቺፖቹ በተቀመጡበት ቦታ ልክ ነው። የጋራ መለኪያ ያገኙት ጥቂት ክፍሎች ብቻ ናቸው፦ ራሙ፣ ማከማቻው፣ የዋይፋይ ካርዱ። በዛሬው የሻጭ ገጽ ላይ በብዛት የሚያስመርጡትም እነዚሁ መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም።

ታዲያ በልክ አሠርተን እንሸጣለን የሚሉት ነጋዴዎች ከየት መጡ? ከታይዋን። በ1983 የተቋቋመው ክሌቮ የተባለ ኩባንያ ቀፎውን፣ ማዘርቦርዱን፣ ስክሪኑንና ማቀዝቀዣውን ሠርቶ ያስረክባል። የቀረውን ሌሎች ይሞሉና በራሳቸው ስም ይሸጡታል። አሜሪካ ውስጥ ሴገር፣ ካናዳ ውስጥ ዩሮኮም፣ ጀርመን ውስጥ ሼንከር በዚህ መንገድ ሠርተዋል። አንድ ገዢ በካሊፎርኒያ፣ ሌላው በላይፕሲግ «የራሴን ላፕቶፕ አሠራሁ» ሲሉ፣ ሁለቱም ክዳኑን ቢከፍቱ አንድ ዓይነት ቀፎ ሊያገኙ ይችላሉ።

ያም ሆኖ ያ ዘመን እውነተኛ ተስፋ ነበረው። በ2004 ኤንቪዲያ ኤምኤክስኤም የተባለ መለኪያ አስተዋወቀ፤ የላፕቶፕ ግራፊክስ እንደ ዴስክቶፑ በካርድ መልክ እንዲሰካና እንዲነቀል። ወፍራሞቹ የክሌቮ ማሽኖች ይዘውት ዘለቁ። ገዢዎች ከዓመታት በኋላ አዲስ ካርድ እየገዙ የቀየሩበት ጊዜም ነበር። ችግሩ መለኪያው በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በተግባር አለመከበሩ ነው። አንዱ አምራች የካርዱን መጠን ለወጥ ያደርጋል፤ የሌላው ባዮስ የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም፤ የሦስተኛው ማቀዝቀዣ ከአዲሱ ቺፕ ጋር አይገጥምም። ካርዶቹም እንደ ዴስክቶፕ ካርድ በየሱቁ የሚገኙ አልነበሩም፤ ሲገኙም ውድ ነበሩ።

ከዚያ የቅጥነት ዘመን መጣ። በ2008 ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤርን ከፖስታ ውስጥ አውጥቶ አሳየ። በ2011 ኢንቴል አልትራቡክ በሚል ስም ሌሎቹም እንዲከተሉ ገፋ። በ2012 የወጣው ባለ ሬቲና ስክሪን ማክቡክ ፕሮ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ፣ ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር። በ2013 ከወጣው አራተኛው ትውልድ በኋላ ደግሞ ኢንቴል ከሶኬት የሚነቀል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማቅረቡን ተወ። ክሌቮ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በላፕቶፕ ውስጥ እየከተተ ለጥቂት ዓመታት ቢታገልም ገበያው ወደ ብየዳው አዘነበለ።

ብየዳው ሲበረታ ምርጫው ወደ ስም ዞረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የግራፊክስ ቺፕን ስም ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍሉ ነው። አርቲኤክስ 4090 የሚለውን ስም እንውሰድ። በዴስክቶፕ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውና 450 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው። በላፕቶፕ ያው ስም 16 ጊጋባይት ይዞ፣ ቢበዛ 175 ዋት ገደማ እየወሰደ ይሠራል፤ ውስጡ ያለውም የዴስክቶፑ 4080 የተሠራበት ቺፕ ነው። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ እንደ አምራቹ ፍላጎት ከ35 እስከ 115 ዋት ይሰጠዋል። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ስም ለጥፈው እጅግ የተለያየ ጉልበት ሊኖራቸው ይችላል። ዋቱን ያልጠየቀ ገዢ የመረጠው ስሙን ብቻ ነው።

ወደ ድሮው እንመለስ ያሉም ነበሩ። በጃንዋሪ 2019 የዴል ኩባንያ የሆነው ኤሊያንዌር ኤሪያ 51ኤም የተባለ ላፕቶፕ አስተዋወቀ፤ ፕሮሰሰሩ በሶኬት፣ ግራፊክሱ በተነቃይ ሰሌዳ። የጌም ወዳጆች ደስታ ትልቅ ነበር። ነገር ግን የግራፊክሱ ሰሌዳ ቅርጽ የዴል የራሱ እንጂ የጋራ መለኪያ አልነበረም። በ2020 የወጣው ቀጣዩ ሞዴል ሌላ ሶኬት ይዞ መጣ፤ የኤንቪዲያ 30 ተከታታይም ለመጀመሪያው ማሽን ሳይቀርብ ቀረ። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ የማሻሻል ተስፋው አሳሳች ነበር የሚል ክስ በዴል ላይ ቀረበ። የፍርዱ ጉዳይ የዳኞች ነው። ለገዢ የሚተርፈው ትምህርት ግን ከፍርዱ በፊትም ግልጽ ነበር፦ መለኪያ የሌለው ምርጫ የሻጩ ስጦታ ነው፤ የሰጠ ደግሞ መንሳት ይችላል።

በ2021 ፍሬምወርክ የተባለ አዲስ የአሜሪካ ኩባንያ ተጠቃሚው ራሱ የሚፈታውና የሚገጥመው ላፕቶፕ ማቅረብ ጀመረ። በ2024 መጀመሪያ ለገዢዎች የደረሰው ባለ 16 ኢንቹ ማሽን የኤኤምዲ ግራፊክሱ ከኋላ ተነቅሎ የሚወጣ ነበር። በኦገስት 2025 ኩባንያው ለዚያው ማሽን የሚገጥም አርቲኤክስ 5070 አሳወቀ። ቃል ሲከበር ይህን ይመስላል። የሰሌዳውን ንድፍም ሌሎች እንዲሠሩበት በይፋ አውጥቶታል። ያም ሆኖ እስካሁን ነገሩ የተንጠለጠለው በአንድ ኩባንያ ዕድሜ ላይ ነው።

ለብየዳው ጎራ ፍትሕ መስጠትም ተገቢ ነው። ሁሉም ነገር ሴራ አይደለም። ራም ለፕሮሰሰሩ በቀረበ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ኃይልም ይቆጥባል። ራሱ ፍሬምወርክ በ2025 ባወጣው ዴስክቶፕ ላይ በዚሁ ምክንያት ራሙን በይዶታል። ግን መንገድ የለም ማለት አይደለም። ዴል የጀመረው ካም የተባለ ጠፍጣፋ የራም ሰሌዳ፣ የሜሞሪ መለኪያ የሚያወጣው ጄዴክ ተቀብሎት በ2023 መጨረሻ የጋራ መለኪያ ሆኗል፤ በ2024ም በሌኖቮ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል። አንድ ኩባንያ የፈጠረው ነገር የሁሉም ሲሆን የቴክኒክ ችግሩም መፍትሔ ያገኛል።

ይህ ታሪክ ለዛሬ ገዢ ምን ይፈይዳል? የገንዘቡን ቅደም ተከተል ያስተካክልለታል። የማይቀየረው ላይ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ማውጣት ይገባል፦ ግራፊክሱ ከነዋቱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ማቀዝቀዣው። የሚነቀለው ራምና ማከማቻ ቆይቶ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ የሻጩን ውድ ራም ከመምረጥ በፊት ስንት ክፍት ማስገቢያ እንዳለ መጠየቅ ይቀድማል። ራሙ የተበየደ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በቂውን ያህል ያኔውኑ መግዛት ግድ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ይበልጥ ይከብዳል። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ዋስትናው አብሮት አይሻገርም። የተበየደ ክፍል ሲቃጠል የሚለወጠው ሙሉው ማዘርቦርድ ነው፤ የማዘርቦርዱ ዋጋ ደግሞ የአዲስ ላፕቶፕን ሊጠጋ ይችላል። እዚህ የሚነቀል ክፍል ቅንጦት አይደለም፤ ዕቃውን ከመጣል የሚያድን ነው።

ስለዚህ «በእርስዎ ምርጫ የሚሠራ» የሚል ገጽ የከፈተ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ምርጫ እንደቀረበለት አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሻጩ ስልክ ባያነሳለት፣ ከመረጠው ውስጥ በራሱ እጅ መቀየር የሚችለው የትኛውን እንደሆነ ነው።