የጽሑፍ ቃናና ትሕትና

የጽሑፍ ቃና፣ ሰው በቃል ሲናገር በድምፁ፣ በገጹና በእጁ የሚያስታውቀውን የልቡናውን ሁኔታ፣ ሲጽፍ በቃላቱ ምርጫ፣ በግሱ አረባብ፣ በሰላምታውና በመልሱ መፍጠን ወይም መዘግየት የሚያስታውቅበት መንገድ ነው። ትሕትና ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነገረው፣ ፊት ለፊት በማይተያዩ ሰዎች መካከል የባልንጀራን አሳብ እየነቀፉ ባልንጀራውን ራሱን ላለማዋረድ ከቃና በቀር ሌላ መሣሪያ ስለሌለ ነው።

በጃናሞራ፣ በደባርቅና በዳባት፣ እንደ ቀረው የሰሜን አገር ሁሉ፣ ክርክር ጥንቱን የዐደባባይ ሥራ ነበር። «በላ ልበልሃ» በሚባለው በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው እየመለሰ ሲሟገቱ፣ የቃሉ ምሬት የቱንም ያህል ቢከር፣ የልብሱ አለባበስ፣ ለዳኛው የሚደረገው እጅ መንሣትና ተራን የመጠበቁ ሥርዐት ነገሩን ከጠብ ይለዩት ነበር። ወረቀትም ሆነ የዛሬው የእጅ ስልክ ከተሟጋቹ ላይ የሚገፍፈው ይህንኑ ኩታ ነውና፣ ቃሉ ራቁቱን ወጥቶ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ጸሓፊውን ባዶ እጁን አይሰድደውም። አንድን ሰው ያለበትን ቦታ ለመጠየቅ እንኳ እኩያ ወይም ታላቅ፣ እኩያም ከሆነ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን አስቀድሞ መቍረጥ ግድ ነው፤ «የት ነህ»፣ «የት ነሽ»፣ «የት ነዎት» ከማለት በቀር በመካከል የሚያስጠጋ አነጋገር አይገኝም። በጎንደርና በሰሜን ባላገር ዘንድ ደግሞ ቄሱም፣ የኔታም፣ በዕድሜ የገፋ ጎረቤትም «አንቱ» ይባላሉና፣ ዕድሜውንና ማዕርጉን ለማያውቀው ሰው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የሚጽፍ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ግስ ላይ ወይ ያከብራል ወይ ይደፍራል። ለሽማግሌ የተጻፈ «ተሳስተሃል» ከስድብ ይቈጠራል፤ «ተሳስተዋል» ግን ፍሬ ነገሩ ያው ሳለ ሰውየው እንዲመልስ ቦታ ይተውለታል፤ «ይህን ሳያዩት ቀርተው ይሆናል» ቢባል ደግሞ ስሕተቱ ከሰውየው ላይ ተነሥቶ በነገሩ ላይ ያርፋል። በአንጻሩ ለዘመናት «አንተ» ሲባል የኖረ ባልንጀራ አንድ ቀን «እርስዎ እንደሚሉት» ተብሎ ቢጻፍለት፣ መቀየምን ወይም ምጸትን እንጂ ክብርን አይረዳም፤ ስለዚህ የአክብሮት ቃል ሁሉ ትሕትና ነው ማለት አይቻልም።

ጽሑፍ ፈጽሞ የሚያጣው ነገርም አለ። የአገራችን ሰው «አዎን» ለማለት ብዙ ጊዜ እስትንፋሱን ባጭሩ ወደ ውስጥ ስቦ ያልፋል፤ ለዚህች እስትንፋስ ፊደል አልተቀረጸላትም። «እሺ»ም በቃል ሲሆን በአወራረዱ ደስታ፣ መታዘዝ ወይም መሰልቸት መሆኑ ይታወቃል፤ በስልክ መስኮት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች «እሺ» ግን አንባቢው በዚያች ሰዓት የነበረበትን ስሜት ትይዛለች፤ የተከፋ ሰው ኵርፊያ አድርጎ ያነብባታል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ወጣቱ ኢሞጂ የሚባሉትን የፊት ሥዕሎች ያስከትላል። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት ግን «እስቲ»፣ «እኮ»፣ «እንግዲህ»፣ «እባክዎ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ከሥዕሎቹ ይልቅ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ዝምታም ቃና ነው፤ ለዚህም የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ጃናሞራ ውስጥ፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በቆንስሏ በካሜሮን እጅ የላኩት ደብዳቤ በሥላሴ ስም የሚከፈት፣ ወዳጅነትን የሚሻና መልእክተኛ ለመስደድ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር፤ በአጻጻፉ ነውር አይገኝበትም። ሎንዶን ግን ደብዳቤውን ተቀብላ ለብዙ ጊዜ መልስ ሳትሰጥ ቈየች። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ፤ መልሱን የያዘው የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ከፊታቸው የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነገሩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ተፈጸመ። ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ዳሩ ግን «ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እንመክርበታለን» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር በጊዜዋ ተልካ ቢሆን ኖሮ ቂሙ ያን ያህል ሥር መስደዱ ያጠራጥራል።

በጽሑፍ የማይነገር ነገር መኖሩም ከሥርዐቱ ወገን ነው። መርዶ በባህሉ የሚነገረው ሽማግሎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ፣ ከባለ ሐዘኑ ቤት ሄደው ነው፤ ዛሬ ግን ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለው ልጅ፣ አርጂዎቹ ሳይደርሱ፣ የወላጁን ሞት በቴሌግራም ላይ ከተደረደረው «ነፍስ ይማር» ሊረዳ ይችላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ በቃላቱ አይደለም፤ ቃላቱ ጸሎት ናቸው፤ ጥፋቱ ተራውን ሳይጠብቁ መቅደማቸው ነው።

ሕግ ወደዚህ ጉዳይ የሚገባው ከሩቅ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግር ጥፋተኛ የሆነውን እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ነገር ግን የሚመለከተው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በመሳሰለው ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግርን እንጂ ታላቅን «አንተ» ማለትን ወይም መልስ መንሣትን አይደለም። ይህ ዐይነቱ ቅሬታ የሽማግሌ ድርሻ ሆኖ ይቀራል፤ ሽማግሌም በደንቡ ሁለቱን ወገኖች በየተራ አቅርቦ ከአፋቸው ሳይሰማ አያስታርቅም።