የባሕር ሕግና የመስታወት ገንዳ፦ ስለ ውኃ ምርመራ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። በመኖሪያ ቤታቸው ሕያው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች የገንዳቸውን ውኃ በትንሽ ብልቃጥ ሞልተው ወደ ቤተ ሙከራ ይልካሉ፤ የበርካታ ንጥረ ነገሮች መጠንም ተዘርዝሮ ይመለስላቸዋል። እኔ ግን በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ አያለሁ፦ አንዱን ለክተን ሌላውን ዐውቀናል ማለት የምንችለው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ኮራሎችን ወደ ለንደን ወሰደች። ውኃው አየር እንዲያገኝ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይንቆረቆር ነበር፤ ድካሙም የቤት ሠራተኛዋ ነበር። በዚያ ዘመን መለኪያው ዐይን ብቻ ነው፤ እንስሳቱ ከኖሩ ውኃው ደኅና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ከብራይተን አቅራቢያ የተቀዳ የባሕር ውኃ የኬሚስትሪ ትንተናን መነሻ አድርጎ ሰው ሠራሽ የባሕር ውኃ ቀመመ። ቅመሙን በአራት ጨዎች ወሰነው፤ መጠናቸው ጥቂት ነው ያላቸውን የኖራ ውሁዶች ግን ተዋቸው። ልብ በሉ፤ ኮራል አፅሙን የሚሠራው ከኖራ ነው።

በሌላ በኩል አሌክሳንደር ማርሴ እ.ኤ.አ. በ1819 የልዩ ልዩ ባሕሮች ውኃ በጨዋማነቱ ቢለያይም የጨዎቹ ምጣኔ ተቀራራቢ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ጉዞ ከሰበሰበቻቸው ናሙናዎች ዊልያም ዲትማር 77ቱን መረመረና ውጤቱን በ1884 አሳተመ፤ የማርሴም ሐሳብ ጸና። ከዚያ ወዲህ ክሎሪንን ብቻ ለክቶ የሌሎቹን ዋና ዋና ጨዎች መጠን ማስላት ተቻለ። ይሁን እንጂ ዲትማር ራሱ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ካልሲየም በጥቂቱ ከፍ እንደሚል አይቷል። ልዩነቱ ከሕጉ ጋር አብሮ ተጽፏል፤ እኛ ግን የምናስታውሰው ሕጉን ነው።

ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ ጀርመን ሀገር ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ አዛውንት የኮራል ገንዳ ነበራቸው። ኮራሎቹ መጠውለግ ሲጀምሩ ጨዋማነቱን፣ ካልሲየሙንና አልካሊኒቲውን በቤት ውስጥ መለኪያ ፈተሹ፤ ሁሉም ደኅና ነበር። ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ልላክ ወይ ብለው ሲያማክሩኝ፣ ስለ ዲትማር በኩራት አስረድቼ «ጨዋማነቱ ከተስተካከለ ሌላውም ተስተካክሏል» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ዘገዩ። በመጨረሻ የመጣው ውጤት ከፍተኛ የመዳብ መጠን አሳየ፤ ምንጩም በቧንቧው ላይ የተገጠመ የብረታ ብረት መጋጠሚያ ነበር። አብዛኞቹ ኮራሎች ሞቱ። አዛውንቱ አልወቀሱኝም፤ ወረቀቱን ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። የዲትማር ሕግ የሚናገረው ስለ ዋና ዋናዎቹ ጨዎች እንጂ በኢምንት መጠን ስለሚገኙት ብረታ ብረቶች አይደለም። ሁለተኛም፣ ሕጉ የሰፊው ውቅያኖስ ነው፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ኮራል ካልሲየሙን በየቀኑ ይወስዳል፣ የሚተካውም ባለቤቱ ብቻ ነው።

ያ ወረቀት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በብሪታንያ ስታንሊ ግሪንፊልድ፣ በአሜሪካ ቬልመር ፋስል ካዳበሩት ስልት ነው። ናሙናው በሺህ በሚቆጠር ዲግሪ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ይረጫል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም በሚሰጠው ብርሃን ይለያል። ሆኖም ይህም መሣሪያ ወሰን አለው። ፎስፈረስን በጠቅላላው ይቆጥራል እንጂ ፎስፌት የሆነውን ለይቶ አይናገርም፤ መዳቡ ነጻ ይሁን ወይም ከሌላ ነገር ጋር የተሳሰረ አይለይም። አልካሊኒቲም በጉዞ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል እዚያው ገንዳው አጠገብ ቢለካ ይመረጣል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቁጥርን አትናቁ፤ ነገር ግን ቁጥር በእጃችሁ ሲገባ ከየትኛው ውኃ እንደተቀዳና ምን እንዳልተለካ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ከአንድ አዛውንት ሳሎን ነው።