የቤኒሻንጉል አረንጓዴ ድንጋይ

በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ አለ። አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ያወጣል፤ ማላካይት መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው። አረንጓዴ ሁሉ ማላካይት አይደለምና። ይህን ጽሑፍ ለበዓሉ መጽሔት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን እርሱ ነው።

መዳብ ከመሬት በታች ብዙ ጊዜ ከድኝ ጋራ ተዋሕዶ ይገኛል። አለቱ በዘመን ብዛት ተገልጦ አየርና የዝናብ ውሃ ሲያገኘው መልኩ ይለወጣል፤ አረንጓዴው ማላካይት፥ ሰማያዊው አዙራይት ይባላል። ከማላካይት ክብደት ከመቶ 57 እጅ ያህሉ መዳብ ነው። አዙራይትም ዘመን ሲቆይ ወደ ማላካይት ይለወጣል። ከኮንጎ ካታንጋና ከናሚቢያ ጹሜብ የወጡትን የድንጋይ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይሻሟቸዋል።

ወደ ቤኒሻንጉል የመጣው ሁሉ ግን የፈለገው ቢጫውን ነበረ። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1822 መጀመሪያ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ጦሩን ይዞ እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። ከጦሩ ጋራ ፍሬድሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን ዐዋቂ ነበረ፤ ቀደም ብሎ በግብፅ በረሃ የጥንቱን የዘባራን የመረግድ ጉድጓድ ያገኘ ሰው ነው። አረንጓዴ ድንጋይን ከእርሱ ይበልጥ ማን ይለየው ነበር? ፓሻው የሚጠይቀው ግን ወርቅ ብቻ ነበረ። መሐመድ ዓሊ ራሱ ወደ ሰባ ዓመት ሲጠጋ፥ በ1838 ከካይሮ ተነሥቶ ፋዞግሊ ድረስ መጣ፤ ያሰበውን ያህል ወርቅ ሳያገኝ ተመለሰ። ከወርቁ ጋራ የተጋዘው የሰው ልጅ ነበረ፤ ይህን ዘለን ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከዘመቱ በኋላም የአሶሳው ሼህ ሖጀሌ ለዐፄ ምኒልክ የሚገብሩት ወርቅ ነበረ።

መዳብ በአገራችን የተናቀ ሆኖ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፥ ወደ አዱሊስ ወደብ መዳብ ከውጭ ይገባ ነበር፤ ድስትና አምባር ይሠሩበታል። ኋላም የአክሱም ነገሥታት የመዳብ ገንዘብ አስመቱ።

በአሶሳና በኩርሙክ አካባቢ ባለው ጥንታዊ አለት ከወርቁ ሌላ መዳብ መኖሩን የመሬት ጥናት ባለሞያዎች የገለጹት በቅርብ ዘመን ነው። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በጉባው የህዳሴ ግድብም፥ የዓባይን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጄኔሬተሩ ጥቅል ሽቦ መዳብ ነው።

የቤተ ሙከራችንን ድንጋይ ያመጣው ተማሪ ከየት እንዳነሣው አልጻፈም። ከየትኛው ወንዝ? ከየትኛው ኮረብታ? ዘንድሮ ወረቀት ለጥፈንበት ስሙን ጽፈናል፤ የተገኘበት ስፍራ የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው።