የመድኃኒት መንገድ ወደ ውስጠኛው ጆሮ

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ሸለቆውን ይዞ ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ በአሚባራ የመስኖ ቦዮችን ያያል። እንደሚታወቀው፣ በቦዩ አፍ ያለው ማሳ ሲጠግብ በጫፉ ያለው ይጠማል። ይኸው የማዳረስ ችግር የአተር ፍሬ በሚያህለው በውስጠኛው ጆሮም ይገኛል።

የነገሩ መነሻ የሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ የሰውነትን ሚዛንና መስማትን እንደሚጎዳ ታወቀ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ሲሆኑ፣ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ጉዳቱ ከቀጫጭን ድምፆች ስለሚጀምር በሽተኛው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በሀገራችን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለወራት የሚወጋ፣ ጆሮንም የሚጎዳ መርፌ ነበር። ወሬን በዳጉ ከመንገደኛ ሰምቶ ለሌላው በሚያደርስ በአፋር ሕዝብ መካከል፣ መስማትን ማጣት ከማኅበር መለየት ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔዎች ተፈልገዋል። አንደኛው መድኃኒቱን መለወጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ወዲህ በመርፌው ፋንታ እንደ ቤዳኩይሊን ያሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች እንዲቀድሙ መክሯል። ሁለተኛው በሰዓት መለየት ነው፤ ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ ሕፃናት፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ሶዲየም ታዮሰልፌት በደም ሥር እንዲሰጥ በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የስድስቱ ሰዓት ልዩነት የካንሰሩ መድኃኒት ሥራውን ሳይፈጽም እንዳይመክን ነው።

ሦስተኛው በቦታ መለየት፣ ይኸውም መከላከያውን በጆሮ ታምቡር በኩል በመርፌ ማድረስ ነው። የሚገርመው፣ በ1956 ሃሮልድ ሹክኔክት በዚህ መንገድ የተጠቀመው ለማዳን ሳይሆን ለማጥፋት ነበር፤ ብርቱ የማዞር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለማሳረፍ፣ የታመመውን የሚዛን ክፍል በስትሬፕቶማይሲን ገደለ። ዛሬ በዚያው መንገድ መከላከያ ለማድረስ ይሞከራል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በአፉ ተከማችቶ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ጉዳቱም ከአፉ መጀመሩ መልካም አጋጣሚ ቢሆንም፣ የንግግር ድምፅ የሚሰማው ከዚያ ጠለቅ ብሎ ስለሆነ ጥያቄው አልተዘጋም።

ጄንታማይሲንና ሲስፕላቲን ዛሬም ሕይወት ያድናሉ። ስለሆነም ከሐኪሙ ጎን የእኛም ድርሻ አለ። ከጄኔሬተርና ከከባድ መኪና ድምፅ የተከለለ ክፍል ሠርቶ፣ የመስማት መለኪያውን አስተካክሎ፣ ጉዳቱ ገና ከቦዩ አፍ ሳለ እንዲታወቅ ማድረግ የመሐንዲስ ሥራ ነው።