የስሪት መዝገብ፦ ድረ ገጽን ከደባርቅ ማሰማራት

ፕሮግራመሮች «ቨርዥን ኮንትሮል» የሚሉትን አሠራር «የስሪት ቁጥጥር» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ቃል በቃል ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን «ቁጥጥር» ሲባል ፈቃጅና ከልካይ ያለበት ሥራ ይመስላል። መሣሪያው በኮዱ ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ጭምር ይዞ ያስቀምጣል፤ የቀደመውንም አይፍቅም። ስለዚህ «የስሪት መዝገብ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ዳባት ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ነገሩን ያስረዳል። እዚያ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘገባሉ፤ አካባቢውን የለቀቀ ሰው እንዳልነበረ ተደርጎ አይሰረዝም፣ መልቀቁ ይጻፍበታል እንጂ። በዚህም ዛሬ ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ማን እንደነበረም ይታወቃል። የስሪት መዝገብ ለኮድ የሚሠራው ይህንኑ ነው። «ዲፕሎይ ማድረግ» ለሚባለው ደግሞ «ማሰማራት» የሚል የራሳችን ቃል አለ፤ ፕሮግራሙ ከተጻፈበት ኮምፒውተር ወጥቶ ተጠቃሚ በሚያገኘው ሰርቨር ላይ ሥራ ሲጀምር ተሰማራ ይባላል።

ሁለቱ ሲጣመሩ «ከመዝገብ ማሰማራት» ይሆናሉ። ይህ አሠራር ፈጣን ኢንተርኔት ላላቸው ከተሞች ብቻ የሚያዋጣ ቅንጦት ተደርጎ ይታያል፤ እኔ ግን ኔትወርክ ለሚቆራረጥባቸው እንደ ደባርቅና ዳባት ላሉ ከተሞች ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ። ለስሜን ተራሮች ጎብኚዎች አስጎብኚና በቅሎ የሚያስይዝ ድረ ገጽ አለ እንበል። በቀድሞው መንገድ፣ በኤፍቲፒ፣ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ ይጫናሉ፤ መሐል ላይ መስመሩ ቢቋረጥ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀርና ገጹ ይበላሻል። ሊነስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. መጻፍ የጀመረው ጊት የተባለው የስሪት መዝገብ መሣሪያ ግን እንዲህ አይሠራም። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ሠሪዎች ቢትኪፐር የተባለውን የስሪት መዝገብ መሣሪያ በነፃ የመጠቀም ዕድል ባጡ ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ሙሉ መዝገቡ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ለውጥን ለመመዝገብ ኢንተርኔት አያስፈልግም። «ፑሽ ሲደረግ»፣ ማለትም መዝገቡ ወደ ሰርቨሩ ሲላክ፣ የሚሄደው ሰርቨሩ የሌለው ለውጥ ብቻ ነው፤ ሁሉም ደርሶ ካልተረጋገጠ ደግሞ ሰርቨሩ የያዘውን ስሪት አይለውጥም። መስመሩ ከተቋረጠ ጎብኚው የሚያየው የትናንቱን ደህና ገጽ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሄሮኩ የተባለው የክላውድ አገልግሎት በዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ጨመረ፦ ፑሽ የተደረገውን ኮድ ተቀብሎ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ተጨማሪ ጥቅሎች ክላውዱ በራሱ መስመር ያወርዳል። ከደባርቅ የሚወጣው ጥቂት ኪሎባይት ሊሆን ይችላል።

«ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ መስመር ከሌለ ምንም መሣሪያ ፑሽ አያደርግም። ሆኖም ሥራው አይቆምም። ጊት የመዝገቡን ለውጥ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ዲስክ ለማስተላለፍ ያስችላል፤ ሁለት ባልደረቦች ያለ ኔትወርክ ሥራቸውን ሊያዋህዱ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደውም ይዞት ሄዶ ሊያሰማራው ይችላል። አንድ ድክመት ግን አለው፤ የተቋረጠ ፑሽ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ለውጥን አጠራቅሞ ከመላክ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ መላክ ይበጃል።

ሌላው ስጋት የውጭ ድርጅት ጥገኛ መሆን ነው። ሄሮኩ ነፃ አገልግሎቱን በኅዳር 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ በዶላር መክፈል ደግሞ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ትልቅ ፈተና ነው። ይህ ተቃውሞ ግን መዝገቡን የሚደግፍ ይመስለኛል። ሙሉ ታሪኩ በእጅ ያለ ሰው ኮዱን ለማስመለስ ማንንም አይለምንም፤ የሚልክበትን አድራሻ ቀይሮ ወደ ሌላ ክላውድ ፑሽ ያደርጋል። ሊኑክስ ያለበት የዩኒቨርሲቲ ሰርቨርም፣ ኮድ በደረሰው ቁጥር ራሱ እንዲያሰማራ አጭር ትእዛዝ ከተጻፈለት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የጎብኚዎች ቀጠሮ የሚቀመጥበት የድረ ገጹ የመረጃ ቋት ጉዳይ ነው። አዲሱ ስሪት ጉድለት ቢገኝበት ኮዱን በደቂቃዎች ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ በጉድለቱ ምክንያት የጠፋ የጎብኚ ቀጠሮ ግን አብሮ አይመለስም፤ ቋቱ በመዝገቡ ውስጥ የለምና። ለእሱ የተለየ መጠባበቂያ ቅጂ በየዕለቱ መወሰድ አለበት። የቋቱ የይለፍ ቃል ደግሞ ፈጽሞ ወደ መዝገቡ መግባት የለበትም፤ የቀደመውን የማይፍቅ መዝገብ ምስጢርንም አይፍቅም። በስሕተት ከገባ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉ ራሱ ወዲያውኑ መቀየር አለበት።